አዲሱ ሲስተምና የአቶ ሰይድ ማመልከቻ

ሥራ የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ ማመልከቻ በጽሕፈት መኪና የሚጻፍበት ቤት ነው። ቤቱ ከአንድ ፎቅ ሥር ነበር፤ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጣቴ ቁልፍ ሳይነካ ዋልኩ። አለቃዬ አቶ ተካልኝ አንድ መርፌ፣ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽና በጣሳ ክዳን ነጭ ጋዝ ሰጡኝና "የፊደሎቹን ሆድ አጽጂ" አሉኝ። የጽሕፈት መኪና ፊደል ሆዱ ውስጥ ቀለም ይቋጥራል። "መ" እና "ወ" ከተደፈኑ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ። እስከ ምሳ ሰዓት አራት መኪና አጸዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ከረባት ያሰረ ሰው ገባ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ሰውየው ወረቀቱን ከሁሉም ወረቀት በላይ አስቀመጠና "ይቺ ቶሎ ትድረስልኝ" አለ። እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ "ተራ አለ" አልኩት።

አቶ ተካልኝ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንቺ፣ ለመሆኑ እዚህ ቤት ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሠሪው?"

"ከጠዋት ጀምሮ ነው ጌታዬ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሰውየውም እያጉረመረመ ተራውን ያዘ። ማታ ስንወጣ አቶ ተካልኝ "ነገ ነይ፤ አፍሽን ግን እቤት ትተሽው ነይ" አሉኝ። በማግስቱ አፌንም ይዤ ሄድኩ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በዚያ ቤት ግን ሌላ ደረጃ ነበር። መጀመሪያ አጽጂ፣ ቀጥሎ በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን አስገቢ፣ ከዚያ ገልባጭ፣ ከዚያ ጸሐፊ ትሆኛለሽ። ከሁሉም በላይ አራሚ አለ። ጸሐፊ ለመባል ቁልፉን ሳያዩ አንድ ገጽ መጻፍ ያስፈልግ ነበር። አቶ ተካልኝ በእጄ ላይ ጋዜጣ ይዘረጉብኝ ነበር፣ እንዳላይ። ጣቶቼ ከዓይኖቼ በፊት ፊደል የለዩት በዚያ ጋዜጣ ሥር ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ሁላችንም ፈራን። አንዷ ባልደረባችን "ይሄ እኮ ይሰማል" ብላ አጠገቡ ሰው ማማት አቆመች። እኔ የፈራሁት ሥራዬን እንዳይወስድብኝ ነበር። አልወሰደብኝም። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ተጫነበት፤ ጣቶቼም በሁለት ወር አዲሱን የቁልፍ አቀማመጥ ለመዱት።

ያ መጻፊያ እንዴት እንደሚሠራ እዚህ ላይ ላስረዳ፤ ኋላ ለተፈጠረው ነገር መነሻው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው እውነተኛ የአማርኛ ፊደል አይደለም፤ የፈረንጅ ፊደል ነው። ፕሮግራሙ ከላይ የአማርኛ መልክ ያለብሰዋል። ጽሑፉ ልብሱ አለው፤ የፋይሉ ስም ላይ ግን ልብሱ አይደርስም። ስለዚህ እኔ "ሰይድ" ብዬ ስሰይም ጣቶቼ የለመዱትን ሦስት ቁልፍ ይመታሉ፣ በፋይሉ ስም ላይ የሚወጣው ግን ትንሹ ኤስ፣ ትልቁ ዋይና ትልቁ ዲ ነው። ለሌላ ሰው ትርጉም የለውም። እኔ ግን ሳየው ሰይድን ነው የማየው። ሁላችንም እንዲህ ነበር የምንሰይመው፤ ሌላ መንገድ አለ ብሎ ያሰበም የለም።

አሁን የምሠራው ቂርቆስ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ፣ በአንድ ሱቅና በአንድ ልብስ ሰፊ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል። የከፈትናት ከዘይነባ ጋር ነው። ዘይነባ ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ አቶ ተካልኝ ቤት ከእኔ ስድስት ዓመት ዘግይታ ገባች፤ ካርቦን ማስገባት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ "እትዬ" ትለኛለች፣ እስከ ዛሬም ትጨቃጨቀኛለች። አንድ ማሽን የእሷ፣ አንድ ማሽን የእኔ ነው። ደንበኛ አይመርጥም፤ በተራ ወደ ደረሰችው ነው የሚሄደው። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሌላ ልማድም ነበረን። ማመልከቻ ጽፈን ስናስረክብ "ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥልዎታል፤ ከጠፋብዎት ይምጡ" እንላለን። ሰውም አምኖን ይሄዳል። ካዛንቺስ ፈርሶ ደንበኞቻችን ሲበተኑ፣ አንዳንዱ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አንዳንዱ ከተማው ዳር ሲገባ፣ የዚህ ልማድ ክብደት ታየ። ዕቃ ሲጫን ሲራገፍ የጠፋው ወረቀት ነው። ሰዎች ከሩቅ በሁለት ታክሲ እየመጡ "እትዬ አስካለ፣ ያቺ ወረቀት አለች?" ይሉኛል። አለች እላለሁ። እከፍትላቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ሊገባ ሲል ማሽኖቻችንን የምትጠግነው ህይወት መጣች። ህይወት ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ ስታዲየም አካባቢ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ትንሽ ሱቅ አላት። እንደ ነፋስ ነው የምታወራው።

"እማማ አስካለ፣ አዲስ ሲስተም ሊወጣ ነው" አለችኝ። "ማለቴ፣ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ከክረምቱ በኋላ ይለቀቃል። እናንተ ላይ ያለው ከዚያ ወዲያ አይታደስም፣ አፕዴት የለውም፣ በቃ።"

"ይውጣ። እኛ ባለን እንሠራለን።"

"አይሆንማ። ይኸውልዎት፣ ቼክ ላድርገው።" አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከፈተች። በእኔ ማሽን ላይ ቀይ ምልክት ወጣ። በዘይነባም ማሽን ላይ ቀይ ወጣ።

"ምንድን ነው ቀዩ?"

"አይቀበልም ማለት ነው።"

"ምን ሆኖ? ታሟል?"

"አልታመመም። አርጅቷል።"

"እኔም አርጅቻለሁ፤ የመጣውን ሁሉ ግን እቀበላለሁ።"

"የእርስዎማ ራም፣ ማለቴ የማስታወስ አቅምዎ፣ ትልቅ ነው" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

አንድ በአንድ በወረቀት እንድትጽፍልኝ አደረግኳት። ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል፣ የድሮ ትውልድ ነው። ራሙ ያንሳል። አዲሱ የሚፈልገው የደህንነት ቺፕ የሚባል ነገር ቦርዱ ላይ የለም። ማተሚያችንን አዲሱ ላያውቀው ይችላል። ከሁሉ በታች ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ጻፈች፤ የድሮው የአማርኛ መጻፊያ አዲሱ ላይ አይጫንም።

"ቆይ" አልኳት። "ይሄ ማሽን ትላንት ሃያ ገጽ አውጥቷል። ዛሬም ያወጣል። ማነው ዕድሜህ አልቋል የሚለው?"

"ሲስተሙን የሚሠሩት ናቸዋ።"

"የእኔን ማሽን አይተውታል?"

"እማማ ደግሞ! የማንን ማሽን ያያሉ?"

"ሳያዩ እንዴት ይፈርዳሉ?"

ህይወት ወደ ዘይነባ ዞረች። ዘይነባ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ከእሷ ጋር ክርክር አትጀምሪ፣ ልጄ። ከረባት ያሰረ ሰው ሳይቀር ተራ አስይዛለች" አለች።

ባለን እንሠራለን ያልኩት ብዙ አልቆየም። ደንበኞቻችን ጉዳይ የሚያስፈጽሙባቸው አንዳንድ ቢሮዎች ማመልከቻ በኢንተርኔት መቀበል ጀመሩ። የእኛ ማሽን ገጹን ሲከፍት ነጭ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነጩን አብረውኝ ሃያ ደቂቃ ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ሌላ ቦታ ልሞክር" ብለው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ክረምት እንዴት እንደከረምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ማሽኑን ስከፍት ድምፁን አዳምጣለሁ። የማራገቢያው ድምፅ ትንሽ ከተለወጠ ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋለሁ። መብራት ብልጭ ሲል ሁለት እጄን ሳጥኑ ላይ እጭናለሁ፣ እንደሚወድቅ ሕፃን። ላፕቶፕ ይዞ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ "አዲሱን ታውቀዋለህ? ወጣ?" እላለሁ። አንዱ "በጣም ፈጣን ነው አሉ" ይላል፤ ሌላው "የድሮ ፋይል ያጠፋል አሉ" ይላል። የልጅ ልጄ በስልክ "እማዬ፣ አፕዴት ነው እኮ፣ ጦርነት አይደለም" አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት።

ያስጨነቀኝ መማሩ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተምሬያለሁ፣ ሦስተኛም እማራለሁ። ያስጨነቀኝ "ይቀመጥልዎታል" ያልኳቸው ሰዎች ነገር ነው።

አንድ ቀን ከዘይነባ ጋር ተነጋገርንበት።

"እትዬ፣ ማሽን ስንለውጥ ሁሉን ፋይል ማሻገር አንችልም" አለች። "ግማሹ ሰው ሞቷል፣ ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። የምናውቃቸውን ደንበኞች እናሻግርና ይብቃን።"

"የማናውቀው ሰው ጥፋቱ ምንድን ነው? እኛ አለማወቃችን?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"እንደሱ ነው ያልሽው። ይቀመጥልዎታል ስንል ለሁሉም ነው ያልነው። ወይ ሁሉም ይሻገራል፣ ወይ እኔ ከዚህ ማሽን አልነሳም።"

"እሺ በቃ፣ ሁሉም" አለች። "ስትሞቺ መቃብርሽ ላይ ተራ አስይዛለሁ።"

ሲስተሙ ወጣ። ህይወት አዲሱን የሚሸከም ያገለገለ ማሽን አገኘሁ ብላ ደወለች። አንድ ብቻ ነው፤ የእኛን አንዱን አሮጌ በልዋጭ ትወስዳለች። ዘይነባ "ያንቺ ይቅደም፣ ታላቅ ነሽ" አለችኝ። ታላቅነት ተራ አይደለም አልኳት። ሁለት ወረቀት አጥፈን ዕጣ ጣልን። የወጣው የእኔ ነበር።

ህይወት የመጣችው ዓርብ ነው። ያን ቀን የዕድራችን ለቅሶ ነበረብኝ፤ ዘይነባም ለጁምዓ ልትወጣ ነው። ቁልፉን ለህይወት ሰጠኋትና በሩ ላይ ቆሜ "ሁሉንም አሻግሪ፤ አንድም እንዳይቀር" አልኳት።

"ችግር የለም እማማ። ዶክመንት የሆነውን ሁሉ።"

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ልቤ ቂርቆስ ነበር። ስመለስ አዲሱ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ድምፅ የለውም፤ ሲከፈት ዓይን ሳይርገበገብ ነው። ያ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ገጽ ተከፈተ። ህይወት አሮጌውን ሳጥን ጭና ወደ ስታዲየም ሄዳለች። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትከሻዬ ሸክም ወረደ። ፎልደሩን ከፍቼ ሳላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለዚያ ነው ዛሬም ራሴን ይቅር የማልለው።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሰይድ መጡ። አቶ ሰይድ ካዛንቺስ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጎተራ ነው የሚኖሩት። ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ እኔና እህቴ የአባታችንን ቤት እኩል ለመካፈል የተስማማንበትን ወረቀት ያስታውሳሉ?"

"አስታውሳለሁ። ከተመዘገበ በኋላ ግልባጭ እንዲሰጣችሁ ማመልከቻ ጽፌላችኋለሁ።"

"እሱን ነው የምፈልገው። የፈረሰው ቤት ምትክ ሰኞ በስም ይመዘገባል። ስምምነቱ መዝገብ ቤት አለ፣ ግን ያለ ቁጥር አናወጣም አሉኝ። ቁጥሩ ያለው እርስዎ የጻፉት ማመልከቻ ላይ ነው። የእኔ ወረቀት ከካዛንቺስ ስንወጣ ጠፋ።"

"ሰኞ ካልቀረበስ?"

"ቤቱ በእኔ ስም ብቻ ይገባል። ታላቅ ወንድ ልጅ ነኝ፣ የድሮው ካርታ በእኔ ስም ነው። እህቴ ባዶዋን ትቀራለች።"

ዘይነባ ከወዲያ ሆና "ታዲያ በስምዎ ከገባ በኋላ ድርሻዋን አይሰጧትም?" አለቻቸው።

"እኔማ እሰጣታለሁ። እኔ ከሞትኩ ልጆቼ ይሰጧታል?" አሉ።

ፎልደሩን ከፈትኩ። እንደ ሃያ የሚሆኑ ፋይሎች አሉ፤ ያለፈው ዓመት ደንበኞች በእንግሊዝኛ ያስጻፏቸው ናቸው። ሌላ የለም። ዘጋሁና ደግሜ ከፈትኩ። ያው ነው። አቶ ሰይድ ፊቴን እያዩ "አይዞዎት" አሉኝ። እኔን አይዞዎት ይሉኛል!

ህይወት ጋ ደወልኩ።

"የት ናቸው ፋይሎቼ?"

"አሻገርኳቸው እኮ እማማ።"

"ሃያ ናቸው። እኔ በሺህ የሚቆጠር ነው የነበረኝ።"

"አ፣ እነዚያማ ቫይረስ የበላቸው ናቸው። ስማቸው ራሱ ትርጉም የለውም። አዲሱን ማሽን እንዳይበክሉት ብዬ ተውኳቸው።"

"ምን የሚል ስም ነው ትርጉም የሌለው? አንዱን ንገሪኝ።"

"እኔ እንጃ... አንዱ ኤክስ፣ ቢ፣ ቢ ይላል።"

"እሱ አበበ ነው!"

ስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ከዚያ ህይወት በቀጭን ድምፅ "እማማ፣ ፋይሉ ያለበት ዲስክ እየተደመሰሰ ነው" አለች። "ባልደረባዬ ለሌላ ማሽን እያዘጋጀው ነው። እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቻለሁ። ስልኩ አይነሳም፣ እሱ ሲሠራ ድምፁን ያጠፋል።"

ቤቱን ለዘይነባ ትቼ ወደ ስታዲየም ወጣሁ። አቶ ሰይድ ተከተሉኝ። ታክሲው መንገድ ላይ ቆመ፤ ፊት ለፊት ሁሉ መኪና ነው። ወረድንና በእግር ሄድን። ጉልበቴ እንዲህ ፈጥኖ የሄደው መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አቶ ሰይድ "ቀስ ይበሉ እንጂ" ሲሉኝ "ዲስኩ ቀስ አይልም" አልኳቸው።

የህይወት ሱቅ ደረጃ ሥር ነው። ህይወት ከእኛ ቀድማ ደርሳለች፤ የዲስኩን ገመድ ነቅላ እጇ ላይ ይዛ ቆማለች። ባልደረባዋ ግራ ገብቶት ግድግዳ ተደግፏል። ስክሪኑ ላይ የተደመሰሰውን የሚያሳየው መሥመር ግማሽ ሳይደርስ ቆሟል።

"ስንት ሆነ?" አልኩ።

"ከመቶ አርባው ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበታል" አለች። "አርባው ሄዷል እማማ። አይመለስም።"

"ስልሳውስ?"

"ስልሳው ይኖራል። ግን ማውጫው ከጠፋው ውስጥ ነው። ፋይሎቹን ለቅሜ ባወጣ እንኳ ስም አይኖራቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጣቸው።"

"የአቶ ሰይድ ከአርባው ነው ከስልሳው?"

"አላውቅም።"

እዚያ ደረጃ ሥር ልጮህባት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ስሞቹ ለእሷ እንደማይነበቡ ነግሬያታለሁ? አልነገርኳትም። ለእኔ የሚነበብ ስለነበር ለሰው ሁሉ የሚነበብ መስሎኝ ኖሬያለሁ። አፌን ዘጋሁ።

ህይወት የቀረውን ቅዳሜ ሙሉ ፋይል ስትለቅም ዋለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፋይሎቹን ይዛ ቂርቆስ መጣች። ዘይነባም መጣች። አቶ ሰይድ ከእኛ ሁሉ ቀድመው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

አንዱን ስትከፍተው ገጹ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ጭረትና የማይታወቅ ምልክት ነው። ልብሱ የለማ። የድሮው መጻፊያ ባለበት በዘይነባ ማሽን ልንከፍተው ብንሞክርም የተበላሸ ፋይል ነው ብሎ አልቀበል አለ።

"ሦስት ሺህ ምናምን ፋይል ነው፣ ሁሉም እንዲህ ነው" አለች ህይወት። ዓይኗ ቀልቷል። "እንዴት ነው የምንፈልገው?"

"ኤስ ትንሹን ጻፊ" አልኳት። "ዋይ ትልቁን፣ ዲ ትልቁን። ይህን ያለበትን ሁሉ ፈልጊልኝ።"

ፈለገች። ሠላሳ አንድ ፋይል መጣ። ሰይድ የሚባል ሰው ለካስ በእኔ እጅ ብዙ ተጽፏል። ደስታዬ አፍታም አልቆየ፤ ከሠላሳ አንዱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ ያስፈልጋል።

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ቃላቱን በዓይኔ ላነብ ስሞክር ይምታቱብኛል። ስለዚህ እጄን ቁልፎቹ ላይ አደረግኩ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል አያለሁ፣ ጣቴ ያንን ቁልፍ ይነካል፣ ስነካው ፊደሉ አፌ ላይ ይመጣል። እኔ ጮክ ብዬ እላለሁ፣ ዘይነባ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። እኔ ስደክም እሷ ትቀመጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። የማናውቀው ምልክት ሲመጣ "ይሄ ሞ ነው ሟ?" እያልን እንጣላለን።

ህይወት ከኋላችን ቆማ "ይህን ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል" ትላለች።

የመጀመሪያው ሰይድ የመብራት ቆጣሪ ጠያቂ ነበር። ሁለተኛው የትምህርት ቤት ማስረጃ። ሰባተኛው ላይ አንድ ገጽ ሙሉ አንብበን ሌላ ሰው ሆነ። አቶ ሰይድ አግዳሚው ላይ ሆነው ኮፍያቸውን ያዞራሉ። አሥራ አራተኛውን አንብበን ስንጨርስ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። ከአርባው ውስጥ ሆኖስ ቢሆን? ይህን ለማንም አላልኩም፤ ዘይነባ ግን እጄን ያዝ አደረገችኝ።

አሥራ ዘጠነኛው ላይ "አመልካቾች" ብዬ ጀመርኩ። "አንደኛ፣ ሰይድ..." ቀጥሎ ያለውን የአባት ስም ስል አቶ ሰይድ ብድግ አሉ። "ሁለተኛ" ብዬ የእህታቸውን ስም አነበብኩ። "እሷ ናት!" አሉ።

ቁጥር ብቻ ልብስ አያስፈልገውም። የመዝገብ ቁጥሩ ሦስተኛው መሥመር ላይ፣ ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ማንም ሊያነበው እንደሚችል ሆኖ ተቀምጧል። ከዚያ በታች ሁለት መሥመር ካለ በኋላ ጽሑፉ መሐሉ ላይ ተቆርጧል። የምስክሮቹ ስም የለም። የቀረው ከጠፋው ጋር ሄዷል።

"ቁጥሩ ይበቃቸው ይሆን?" አለች ዘይነባ።

"ነገ ይታያል" አሉ አቶ ሰይድ። ቁጥሩን እኔ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ እሳቸውም በስልካቸው ፎቶ አነሱት፤ ህይወትም አነሳችው። ሦስት ቦታ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት አንድም ገጽ በትክክል አልጻፍኩም። አንዲት ደንበኛ ስሟን ሁለት ጊዜ ተሳስቼባት "እማማ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። ከምሳ በፊት ስልኩ ጮኸ።

"ወይዘሮ አስካለ፣ መዝገቡ ወጣ" አሉ አቶ ሰይድ። "ሁለታችንም ገባን። እህቴ አጠገቤ ናት።" ከዚያ እህታቸው ስልኩን ተቀብለው መረቁኝ። እኔ ምርቃቱን መቀበል ከበደኝ። ከመቶ የጠፉት አርባዎቹ ፋይሎች ነበሩ ልቤ ውስጥ።

በዚያው ሳምንት በራችን ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ "በአስካለ ማሽን ከተጻፉት የቆዩ ማመልከቻዎች ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ጥፋቱ የአስካለ ነው። የእርስዎ መኖሩን መጥተው ይጠይቁ" የሚል። ህይወት ስታየው ተቆጣች።

"እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእኔንም ስም ይጻፉ።"

"አንቺ ያላየሽውን ነው ያጠፋሽው። ስሙን የሰየምኩት እኔ ነኝ፣ ሳላይ ወደ ቤቴ የሄድኩትም እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እኩል ይጻፍ።"

እኩል ካለች ምን እላለሁ? የእሷንም ጨመርኩ።

ሰዎች መጡ። አንዳንዱ ተገኘለት። አንዲት ሴትዮ የልጇ ጉዳይ የነበረበት ማመልከቻ አልተገኘም፤ በሩ ላይ ቆማ የአፏን ሁሉ አለችኝ። ወንበር አቀረብኩላት። ስትጨርስ የምታስታውሰውን እየነገረችኝ አዲስ ጻፍኩላት። እንደ ድሮው እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የዘይነባ ማሽን እስካሁን አልተለወጠም። መጀመሪያ በእሱ ላይ ያለውን የእያንዳንዱን ፋይል ጽሑፍ ወደ እውነተኛው የአማርኛ ፊደል እየቀየርን፣ ስሙን እንደገና እየሰየምን፣ አዲሱ ላይ እየከፈትን እናያለን። አዲሱ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ አመታቱ ሌላ ነው። ለአንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። ጣቶቼ ይቃወማሉ። ገጽ ለመጨረስ የድሮውን እጥፍ ጊዜ ይፈጅብኛል፤ የቸኮለ ደንበኛ ሲያፈጥብኝ ላብ ያጠምቀኛል። ህይወት ደግሞ በቀደም ከዚህ ቀጥሎ ስለሚወጣው ሲስተም አንድ ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ፊቴን ስታይ ዋጠችው።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። ማሽን ስትለውጡ ፋይሉን ያስቀመጠው ሰው ራሱ አዲሱ ላይ ከፍቶ ይየው። እሱ አይቶ እስኪጨርስ አሮጌው ዲስክ ከቤት አይውጣ። ስሙን እናንተ ብቻ በምታነቡት መንገድ አትሰይሙ። የባለጉዳዩንም ግልባጭ ለራሱ ስጡት።